ሙሽሪትና ግትሩ

አለቃዬ ሁለት ፕሮግራሞች ኮምፒውተሬ ላይ ጭኖ «እስከ ሐሙስ አንዱን ምረጪ፣ የምንገዛው አንድ ነው» አለኝ። ሥራችን መሬት መፍጠር ነው። ተራራውን፣ ሣሩን፣ ወንዙን እንሠራለን፤ ያየ ሰው ፎቶግራፍ ነው ብሎ ይምላል። አሁን የመጣው ሥራ ግን ለዓይን ብቻ አልነበረም። አንድ ከተማ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሊያስቆፍር ነው፤ ነዋሪው ደግሞ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ቁፋሮው ሳይጀመር ማየት ይፈልጋል።

«በተለካ መሬት ፈትኛቸው። ከጭንቅላትሽ የወጣ ተራራ እንዳታመጪብኝ» አለ።

የተለካ መሬት የት እንዳለ አውቅ ነበር። እቤት፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ። አባዬ ቀያሽ ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከወንዝ እስከ እርሻ ውሃ የሚወስድ ቦይ ቀየሰ። ቦዩ ተቆፈረ፣ ሰው ዳር ዳሩን ተኮልኩሎ ጠበቀ፣ ውሃው ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ቀያሹ ነው የተሳሳተው» ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን ተከራከረ፤ ኋላ ሰው ሁሉ ሲለው እሱም አመነና ቅስሙ ተሰበረ። ሥራውን ትቶ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ እስክርቢቶ መሸጥ ጀመረ። የመስክ ደብተሩን አልጣለውም፤ አልከፈተውምም።

ሳልጠይቀው ወሰድኩት። ብጠይቀው እምቢ ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እምቢ ሲሉኝ አልወድም።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከነከፍታው፣ በእርሳስ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው። ለሁለቱም ፕሮግራሞች መገብኳቸው። የመጀመሪያዋን «ሙሽሪት» ብዬ ሰየምኳት፤ ጉም አለበሰችው፣ ሣሩን በነፋስ አስተኛችው፣ የጠዋት ፀሐይ አወጣችበት። የቢሮው ሰው ሁሉ ጀርባዬ ላይ ተደርድሮ አፉን ያዘ። ሁለተኛው «ግትሩ» ነው። አመድ የመሰለ ኮረብታ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሲጨርስም ይቅርታ እንኳ የሚል መልክ አልነበረውም።

ከዚያ ቦዩን አባዬ በቀየሰው መስመር ሠርቼ ውሃ ለቀቅኩ። በግትሩ ውሃው እያዘገመ እርሻው ድረስ ደረሰ። በሙሽሪት መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ኩሬ ሠራ፣ አልነቃነቅም አለ።

ሶፍትዌር ላወዳድር ተቀምጬ አባቴን ችሎት አቁሜዋለሁ። አንዷ ጥፋተኛ ነው አለች፣ አንዱ ንጹሕ ነው አለ።

«ሙሽሪት ናት እንጂ ሌላ ምን ምርጫ አለ!» አለ አለቃዬ። እኔ ብቻ ግትሩን ያዝኩ። «ለምን?» አለኝ። እውነት ስለሆነ ነው ወይስ አባቴን ስለማረልኝ? ራሴን አላመንኩትም፤ አፈርኩ።

ማታ እራት ላይ መደበቅ አቃተኝ። ደብተሩን ገበታው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። እማዬ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። የአባዬ ፊት ልውጥውጥ አለ።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ማንም።»

«አንቺ ቀዥቃዣ! የሞተ ነገር ቆፍረሽ ምን ልታተርፊ ነው?» ብድግ አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠን «የት ላይ ነው ውሃው የቆመብሽ?» አለ።

«ዘጠና ስድስተኛው ነጥብ ላይ።»

«የኛ ውሃ እኮ እስከ መቶ ሠላሳ ደርሶ ነበር።» ተመልሶ ተቀመጠ። ደብተሩን ግን አልነካውም። «ቁጥሬን መልሰው ሰጡሽ?»

«እንዴት?»

«ስንለካ ዞረን ዞረን የተነሳንበት ድንጋይ ላይ እንመለሳለን። የድንጋዩ ከፍታ ቁጥር እንደነበረው ካልመጣ መሣሪያው ዋሽቷል ወይ እኛ አጥፍተናል። አንቺ ሰጠሻቸው እንጂ መልሰሽ አልጠየቅሻቸውም።»

እውነቱን ነው። በሙያዬ ስንት ዓመት ስንጎራደድ አንድ ቀን እንኳ መሬቱን መልሼ አልለካሁም፤ ማማር አለማማሩን ነው የማየው።

በማግስቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱንም ነጥቦች ከሁለቱ ፕሮግራሞች መልሼ አወጣሁ። ግትሩ ከጣት ስፋት ያለፈ ልዩነት አላመጣም። ሙሽሪት ግን መሬቱ እንዲያምርላት እብጠቱን እየቆረጠች ጎድጓዳውን ስትሞላ ኖራለች። ዘጠና ስድስተኛውን ነጥብ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋዋለች! ወረቀቱን አለቃዬ ፊት አኖርኩለት። ሁለቴ አነበበውና «እንዲህ ያለችውን ይዘን ሕዝብ ፊት ልንቆም ነበር?» ብሎ ተነፈሰ። ግትሩ ተገዛ። ሲፈርም ፊቱን እንዳጨማደደ ነበር።

እኔ የቸኮልኩት ወደ ቤት ነው። ላፕቶፑን አባዬ ፊት ከፈትኩት። መነጽሩን አደረገና መጀመሪያ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገለጠ፤ የተነሱበት ድንጋይ ቁጥር ያለ እንከን ተመልሶ ተጽፎ ነበር። ጣቱን እላዩ ላይ አሳረፈ። «ገጥሞ ነበር» አለ፣ ለራሱ። «ገጥሞልኝ እያለ ነው እኔ...»

ውሃውን ለቀቅኩት። ዘጠና ስድስትን አለፈ። መቶ ሠላሳ ጋ ሲደርስ አባዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«እዚህ ጋ አለት አለ። ሰብራችሁት ቀጥ ብላችሁ እለፉ ብያቸው ነበር። ቆፋሪዎቹ ከበዳቸውና ከፍ ባለው ጎን ዞሩ። አይቻለሁ እኮ! አይቼም ግን ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ።»

ውሃው አለቱን ተሻግሮ እርሻው ላይ ተዘረጋ። አስቀያሚ፣ ግራጫ ውሃ ነው። አባቴ አለቀሰ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ሄደ። እማዬ ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ደረሰ» አላት።

«ማን?»

«ውሃው።»

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፊቱን በሁለት መዳፏ ያዘችው። «እኔማ እንደሚደርስ አውቅ ነበር» አለችው። «የዘገየኸው አንተ ነህ።»