ሲሸት ደርሷል

«ይኸው ጋሼ፣ እንደ መስታወት አደረግኩልዎት!»

ጎረቤቱ አስቻለች መጥበሻውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ስብሐት መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ቀና ብሎ አየው። እውነቷን ነው። ከደጅ የገባው ብርሃን የመጥበሻው ወለል ላይ አርፎ ጣሪያው ላይ ክብ ሠርቷል። የአስቻለች የጣቶቿ ጫፍ ተልጧል፤ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ገብቷል።

«ምን ዓይነት ጥላሸት ነው በሉ! በሽቦ ብፈትገው፣ ብፈትገው እምቢ አለኝ። ትናንት በአመድ ዘፍዝፌው ዋልኩ፤ ዛሬ በቢላ ፋቅኩት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ስብሐት።

ሚስቱ ሠርካዲስ ያንን መጥበሻ በሽቦ አስነክታው አታውቅም። በሙቅ ውሃ ታለቀልቀዋለች፣ በጨርቅ ታብሰዋለች፣ ምስማሩ ላይ ትሰቅለዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ የበሉት እራት ሁሉ ወለሉ ላይ በስሱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነበር። ከላይ ደግሞ የመጨረሻው። አሁን ሁሉም የለም።

መጥበሻውን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ውስጡ የራሱን ፊት አየ፤ ጢሙ አድጓል።

«አምጣው ወዲህ፣ ኀዘንተኛ ዕቃ ታቅፎ አይቀመጥም» ብላ ታላቅ እህቱ ማሚቴ ከእጁ ወሰደችው። ማሚቴ ለሠርካዲስ ቀብር ከአዳማ ከመጣች ወዲህ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ንፍሮው መቼ እንደሚዞር፣ ስብሐት መቼ ሸሚዝ እንደሚቀይር የምትወስነው እሷ ናት። ነገ ጠዋት ወደ አዳማ ይዛው ልትሄድም ወስናለች። ሻንጣው ታስሮ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

ዕለቱ ሰልስት ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመልሰዋል። አሁን የዕድሩ ሰዎች ደጅ ላይ የድንኳኑን ብረት እየፈቱ ነው። ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የቀሩት ጥቂት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ።

«የፋሲካ ዶሮዋንስ ማን ይረሳዋል!»

«ሽንኩርቱን እንዴት አድርጋ እንደምታቁላላው እኮ! ሽንኩርት የሚባል አይታይበትም።»

«ነፍሷን ይማረው፤ እጇ ይጣፍጥ ነበር።»

ስብሐት አስቻለችን አየ። አስቻለች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አቀረቀረች። ያንን ዶሮ በየዓመቱ የምትሠራው እሷ ነበረች። በዋዜማው ድስቱን በአጥሩ ላይ ታቀብላለች፤ ሠርካዲስ የራሷ ድስት ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ ሦስቱም ምንም እንዳላዩ ይሆናሉ። ሠርካዲስ ሽንኩርት ማቁላላት አትችልም፤ መማርም አልፈለገችም። የምታውቀው እራት አንድ ነው፦ የተፈጨ ሥጋና ድንች፣ በአንድ መጥበሻ።

«ለምን ብዬ ሁለት ዕቃ አጥባለሁ?» ትል ነበር።

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ስብሐት መጀመሪያ ያያት ከአዲሱ ገበያ ሊሳፈር ሲል ነው። በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ዕፅ እየለቀመ፣ እያደረቀ፣ ስም እየለጠፈ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ነው። ያን ቀን የለቀመውን በሁለት የእንጨት ርብራብ መሐል ተጭኖ በገመድ ጠፍሮ ይዞ ነበርና ትኬት ቆራጩ በሩ ላይ አገደው።

«ጣውላ አይገባም!»

«ጣውላ አይደለም፣ ቅጠል ነው» አለ ስብሐት።

ሾፌሯ በመስታወቱ አየችው። «ቅጠል ከሆነማ ይግባ። ከቅጠል ጋር ተጣልተን የት ልንደርስ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ስብሐት ግን ነገሩ ተራ ቅጠል እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱ ስምና የተገኘበት ቦታ እንዳለው ሊያስረዳት ፈልጎ፣ መውረጃውን አልፎ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደ።

ሁለቱም ዘግይተው ነበር የተጋቡት፤ ልጅ አልወለዱም። ሠርካዲስ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ እግሯን እየጎተተች ትገባለች። ድንቹን ትከትፋለች፣ ሥጋውን ትጨምራለች፣ ትከድናለች፣ እሳቱን ትቀንሳለች። ከዚያ ከነጫማዋ ማድ ቤት ውስጥ ያለችው አግዳሚ ላይ ጋደም ትላለች። ወዲያውኑ እንቅልፍ ይወስዳታል።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ስብሐትን ስላስጨነቀው የሚጮህ ሰዓት ገዛላት።

«ለምኑ?» አለችው። «ሲሸት ደርሷል።»

አፍንጫዋ ነበር የሚቀሰቅሳት። ውሃው አልቆ ድንቹ ከሥሩ ቡኒ ሆኖ መያዝ ሲጀምር፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ታሳርፋለች። አንድ ቀን ስብሐት ቀድሞ ገብቶ አዘነላትና እሳቱን አጠፋው። ሲመሽ ነቅታ ተቆጣች።

«ማን ንካ አለህ? ቅርፊት ከሌለው ምኑ ይበላል!»

የሚበሉት ከመጥበሻው ነው። ስብሐት በማንኪያው ጫፍ መሐሉን ያሰምራል፤ ወዲህ የእሱ፣ ወዲያ የእሷ። ከሥር የያዘውን ቅርፊት እሱ አይወድም። ከወገኑ እየፋቀ መስመሩን ያሻግርላታል። በዚህ ቤት የምግብ ነገር ከዚህ አልፎ አያውቅም።

ወደ ማታ ገደማ የሠርካዲስ የሥራ ባልደረባ ኢታና መጣ። በቀብሩ ዕለት ተረኛ ስለነበር አልደረሰም። ቆቡን በእጁ እያዞረ ከስብሐት አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሽ ስብሐት፣ እኛ ተርሚናል ላይ ሻይ ስንጠጣ እሷ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ትተኛለች። አንቀሰቅሳትም እኮ! ተራዋ ሲደርስ በራሷ ነው የምትነሳው። እንዴት እንደምታውቀው እንጃ፣ አንዴ እንኳ አልፏት አያውቅም።»

«አንዴ እንኳ» አለ ስብሐት።

ኢታና የተናገረው ቆይቶ ገባው። ቆቡን ማዞሩን ተወ። ደጅ የድንኳኑ ብረት እርስ በርሱ ሲጋጭ ይሰማል።

ኢታና ተሰናብቶ ሲወጣ ማሚቴ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች «በል እንግዲህ በጊዜ ተኛ፣ መኪናው በጠዋት ነው የሚመጣው» አለች።

«እትዬ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

«እዚህ ምን ልትሆን? ነገርኩህ፣ ቤቱን እናከራየዋለን። እኔ ጋ ሰው አለ፣ ምግብ አለ።»

«ሥራዬስ?»

«ቅጠሉ አንተን አጥቶ አይደርቅም! ምን በልተህ ልትኖር ነው? ዕንቁላል መጥበስ የማትችል ሰውዬ! ይኸው ሠርኬን ከቀበርን እህል በአፍህ አልዞረም። ትቼህ ብሄድ ለሁለተኛ ለቅሶ ነው የምመለሰው።»

«እውነቷን ነው» አለች አንዷ ሴት።

ስብሐት ነጠላውን ከትከሻው አወረደ። «አብስዬ ከበላሁስ?»

«እ?»

«ራሴ አብስዬ ከበላሁ ትተዪኛለሽ?»

ማሚቴ ሴቶቹን አየችና «አንተ አብስለህ ከበላህ ሻንጣውን በገዛ እጄ እፈታዋለሁ» አለች። ሴቶቹ በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለ ድምፅ ሳቁ።

ስብሐት ተነሣ።

«ጋሼ!» አስቻለች ብድግ አለች። «ኀዘንተኛ እሳት አይነካም። ምን አማረዎት? እኔ እሠራልዎታለሁ።»

«ነገ ዓርብ ነው፤ ሥጋ አይበላም። መሥራት ካለብኝ ዛሬ ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ እሷ የምትሠራውን አንቺ አታውቂውም» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ እሷ እኮ...» ብላ ጀመረችና ሴቶቹን አይታ ዝም አለች።

ደጅ ሲወጣ የዕድሩ ሰዎች ብረቱን እንደያዙ ቆሙ። «ምን ፈልገው ነው? እኛ እንላክ» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። ቁልቁለቱን ወርዶ አዲሱ ገበያ ሲደርስ አውቶቡስ በአጠገቡ አለፈ፤ ወደ ሾፌሩ መቀመጫ ላለማየት የጫማውን ጫፍ እያየ ቆየ። ከጉልት ድንች፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገዝቶ ሠርካዲስ ወደምትሄድበት ሥጋ ቤት ገባ።

ሥጋ ሻጩ በመልክ ያውቀዋል። «የሠርኬ ነው? ሁለቴ ይፈጭ አይደል?»

ሁለቴ እንደምታስፈጨው ስብሐት አያውቅም ነበር። «አዎ፣ ሁለቴ።»

«ዛሬ እሷ የለችም እንዴ?»

«የለችም።»

ሰውየው ቀና ብሎ ጥቁር ጃኬቱን፣ ያደገ ጢሙን አየ። መፍጫውን አጠፋው። ትንሽ ቆሞ እንደገና አስነሣው። የተፈጨውን ከወትሮው ለይቶ በድርብ ወረቀት ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠው።

ሲመለስ ድንኳኑ የለም፤ ሴቶቹም ሄደዋል። ድንኳኑ የቆመበት ሣር ተጨፍልቆ ቢጫ ሆኗል። ማሚቴ መኝታ ቤት ጋደም ብላለች። ማድ ቤት ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ወደ አግዳሚዋ አልተመለከተም። መጥበሻውን ቡታጋዙ ላይ አኖረና ድንቹን መላጥ ጀመረ።

የከተፈው በልማዱ እኩል በእኩል ነው፤ ሁሉም አንድ ቁመት፣ አንድ ወርድ። ጨርሶ ሲያየው ልክ አልመጣለትም። የሠርካዲስ ድንች አንዱ እንደ አውራ ጣት፣ ሌላው እንደ ባቄላ ነበር። «እኩል ካልሆነ እኩል አይበስልም» ይላት ነበር፤ እሷም «ይስማሙ፣ እኔ ምን አገባኝ» ትለው ነበር። አሁን ቢላውን እንደያዘ አሰበበት። ትንንሾቹ ይፈርሳሉ። ፈርሰው ከሥጋው ጋር ወደ ሥር ይወርዳሉ፣ እዚያ ይይዛሉ። ትልልቆቹ ከላይ ሳይፈርሱ ይቆያሉ። ቅርፊቱ የሚመጣው ካለመተካከላቸው ነው። በየቀኑ እየበላው ይህን ሳያይ ቀርቷል። ከከተፈው ግማሹን መልሶ መክተፊያው ላይ አፈሰሰና እንደመጣለት አደቀቀው።

ሽንኩርቱን በዘይት አበሰለ፣ ሥጋውን ጨመረ፣ ቀዩ ቀለም እስኪጠፋ አመሰው። ድንቹን፣ ጨውን፣ ቃሪያውን፣ ውሃውን አከታተለ። ከደነው። እሳቱን ቀነሰ።

ከዚያ የሚሠራ ነገር አልቀረም። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

እሷ የሞተች ቀን ሽታው የደረሰበት የግቢው በር ላይ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ርቦት ነበርና ደረሰልኝ አለ። ሦስት አራት እርምጃ እንደሄደ ሽታው ቡኒ አለመሆኑን፣ ጠቁሮ ማለፉን ለየ። ማድ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። ሠርካዲስ አግዳሚዋ ላይ ከነጫማዋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሊቀሰቅሳት አልሞከረም። ሳይነካት፣ እሳቱን እንኳ ሳያጠፋ አወቀ። ሐኪሙ በኋላ ልቧ ነው አለ።

አሁን መጥበሻው ያወራል። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነበር፣ የውሃ ድምፅ። እየቀጠነ ሄደ። ከክዳኑ ሥር የሚወጣው እንፋሎት ሳሳ። በመጨረሻ ደረቅ፣ ጠበቅ ያለ ጩኸት ሆነ። ሽታውም መጣ።

ስብሐት አልተነሣም። ጆሮው ከኋላው ሁለት ጫማ መሬት ላይ ሲያርፍ ለመስማት ይጠብቃል። እንደማይሰማ ያውቃል፤ ጆሮው ግን ጠበቀ። ሽታው ጠነከረ፤ ቡኒው ጠርዙ ላይ ደረሰ። አንድ እግሩን አነሣ፣ ሌላውን አስከተለ፣ ሄዶ እሳቱን ራሱ አጠፋው።

«ተቃጠለ! ኧረ ተቃጠለ!» ማሚቴ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች።

«አልተቃጠለም እትዬ። ደርሷል።»

ክዳኑን አነሣ። በማንኪያው ጫፍ መሐሉን አሰመረ። ከወዲህኛው ወገን ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ረጅም ጊዜ አኘከው። ማሚቴ በሩን ይዛ ጉሮሮውን ታያለች። ዋጠው። ሁለተኛ ቆረሰ።

«ጨው አለው?» አለችው ቀስ ብላ።

«በዝቷል።»

«የእሷም ይበዛ ነበር?»

«አይ። የእሷ ያንስ ነበር።»

ማሚቴ መስመሩን፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ያልተነካ ግማሽ አየች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት፣ ቀጥሎ የልብስ መስቀያዎች ቁምሣጥን ውስጥ ሲንኳኩ ተሰማ።

ስብሐት በላ። ወገኑ ሲያልቅ ቅርፊቱ ቀረ። የተፋቀው ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል፤ በማንኪያው ጠርዝ ዙሪያውን ደጋግሞ ፈለቀቀው። በመጨረሻ ሳይሰበር፣ እንዳለ ተነሣ። ከሥሩ ወለሉ ላይ ስስ ጥቁር ክብ ቀርቷል።

እጁ እንደ ልማዱ ቅርፊቱን መስመሩን አሻግሮ ወደ እሷ ወገን ገፋው። ማንኪያው አየር ላይ ቆየ። መልሶ አላመጣውም።