የችኩሉ ሙከራ

ወንድሟ ከሞተ በኋላ የቢሮ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ነይና ተቀመጪ ብሎ የለመናት የለም፤ ወንበሩ ባዶ ነበር፣ ሥራውን ታውቀዋለች፣ አለቃውም እንቢ አላለም። ከተማረችበት ሩቅ አገር ለቀብሩ መጥታ በዚያው ቀረች። ለምን እንደቀረች ሲጠይቋት መልሷ በየቀኑ ይለያያል። ቀብሩ ላይ ስላላለቀሰች አክስቶቿ «ዕንባዋን አውሮፕላን ላይ ረስታው ወረደች» ብለው አሟት። ጆሮዋ ገብቷል፤ አልከፋትም። መከፋትም መደሰትም የት እንደገቡ አታውቅም። ሻይ ስትጠጣ ሙቀቱ ይሰማታል፣ ጣዕሙ አይሰማትም፤ ቢሆንም ትጠጣዋለች።

ቢሮው ፎቅ ላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቶቹ ወደ ጋራዥ ስለሚያዩ ቀኑን ሙሉ ከሥር ብረት ይቀጠቀጣል። የሚሠሩት የውሃ ፓምፖችን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ነው። ወንድሟ ለዚሁ ሥራ አንዲት ትንሽ የስክሪፕት ቋንቋ ፈጥሮ ነበር፤ የፓምፕ ሠራተኛ ራሱ «ውሃው ከዚህ ሲያልፍ ዝጋ» ብሎ እንዲጽፍባት። የተጻፈውን መስመር በመስመር እያነበበ የሚፈጽመውን ፕሮግራም «አስተርጓሚው» ይሉታል። ወንድሟን ደግሞ «ችኩሉ» ይሉት ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ ይዘላል፣ ሲያወራ የቃሉን መጨረሻ ይውጣል። እሷን ገና ስትገባ «እንግዳዋ» አሏት።

ቢሮው አንድ ወግ አለው። አስተርጓሚው ወድቆ ጥፋቱ ሲገኝ፣ ያንኑ ውድቀት የሚደግም አጭር ስክሪፕት ይጻፍና ከሙከራዎቹ ጋር ይቀመጣል። ጥፋቱ ተመልሶ ቢመጣ እንዲታወቅ በየማለዳው ሁሉም ይሞከራሉ። ሙከራው የሚሰየመው በአጥፊው ስም ነው። አጥፊው ከወንበሩ ይነሳል፣ ቢሮው ያጨበጭብለታል። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ከሚደረደሩት ስሞች የችኩሉ ይበዛል፤ በዚህም ይኮራ ነበር አሉ።

እሱ ከሞተ ወዲህ አስተርጓሚው አንድ ጣቢያ ላይ ይወድቅ ጀመር። ስህተቱን እንኳ ሳይናገር ጭጭ ይላል፤ ፓምፑም ይቆማል።

«ውድቀቱን እዚህ ደግመሽ አሳዪኝ» አላት አለቃው። «ያላየሁትን አላስተካክልም። ደንበኛው እስከ ዓርብ ታግሶኛል። ከዚያ የተገዛ ቋንቋ እንጭናለን፣ የችኩሉን እንጥለዋለን። ቅር እንዳይልሽ።»

«አይለኝም» አለች። እውነቷን ነበር። ያስፈራትም ይኸው ነው፤ የወንድሟ የዕድሜ ልክ ሥራ ሊጣል ነው፣ እሷ ደግሞ ምሳ ሰዓት ስንት እንደሆነ እያሰበች ነው።

የጣቢያውን ስክሪፕት አስኬደችው። ሠራ። ደገመችው። ሠራ። ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሥራ ጭና አስኬደችው፤ አሁንም ሠራ።

«ሠራ?» አሏት ከጀርባዋ የፕሮግራም ፈታሹ። «ሠራ» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ስለሆነ ስማቸው «ጋሼ አላምንም» ሆኖ ቀርቷል።

«ሠራ፣ ጋሼ።»

«አላምንም።»

«እኔም ቢወድቅልኝ ደስ ባለኝ። የምንሞክርበት የውሃ ልኬት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከጣቢያው ነዋ፣ ልጄ። ይመጣል፣ እናጥበዋለን፣ እንሞክርበታለን።»

«እናጥበዋለን ማለት?»

«መለኪያው ሴንሰር የዘባረቀውን ቁጥር እናወጣለን። ወንድምሽ ማጽጃ ፕሮግራም ጽፎለት የለ? ቆሻሻ ቁጥር ቢሮዬ አይገባም ይል ነበር።»

«ጣቢያው ላይስ ማን ያጥበዋል?»

«ማንም» አሉ ጋሼ አላምንም። «ጉድ ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ ታጥቦ የተተኮሰውን ስንሞክር ኖረናል።»

ጣቢያው ጋ ደወለች።

«አቤት!» አለ የፓምፕ ሠራተኛው፤ ከኋላው ሞተር ይጮኻል። «እናንተ ሰዎች አላችሁ እንዴ? ያ ጥድፊያው የት ገባ? ሄሎ ሳልል ዘግቶ የሚሄደው?»

«ሞቷል።»



«ምን ነካሽ፣ እንዲህ ይባላል?» አለ። «ነፍስ ይማር። ነፍሱን ይማረው። አንቺ ምኑ ነሽ?»

«እህቱ። ያልታጠበውን ልኬት ላክልኝ፤ ከሴንሰሩ እንደወጣ።»

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። አሁኑኑ እልካለሁ።» ከመዝጋቱ በፊት፣ «ቁርጥ እሱን ነሽ፣ ስትቸኩዪ» አለ።

ፋይሉ መጣ። ሽቦው ሲላላ ሴንሰሩ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይልካል፤ ከዜሮ በታች የሆነ የውሃ ከፍታ ደግሞ የለም። የሠራተኛው ስክሪፕት የልኬቶቹን ዝርዝር ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራል። ሁለት ሁለቱን ሲያነጻጽር እንዲህ ያለ ቁጥር ካገኘ፣ ዝርዝሩን በሙሉ ባዶ አድርጎ እንደገና እንዲጀምር ሠራተኛው ጽፎበታል። ቋንቋው ይፈቅድለታል።

አስኬደችው። ስክሪኑ ጭጭ አለ።

«ወደቀ!» ብለው ጋሼ አላምንም እጃቸውን አጋጩ፤ ወዲያው አፈሩና ኪሳቸው ከተቱት።

ከስክሪፕቱ መስመር እየቀነሰች ማስኬድ ያዘች። ወደቀ። ሌላ ቀነሰች፤ ወደቀ። ሌላ ስትቀንስ አልወድቅ አለ፤ ያንን መለሰችው። እንዲህ እያለች የምትቀንሰው ሲጠፋ በጣት የሚቆጠሩ መስመሮች ቀሩ፤ ዝርዝር ሥራ፣ ደርድር፣ በመደርደር ላይ ሳለህ አጥፋው። አስተርጓሚው ወንበር ከሥሩ እንደተሳበበት ሰው የሌለ ነገር ላይ ይቀመጣል።

የወንድሟን የመደርደሪያ ኮድ ከፈተችው። አንድ ጥያቄ ጎድሎታል፤ ዝርዝሩ አሁንም አለ ወይ? ሳይጠይቅ ነው ያለፈው። ጥያቄውን አስገባችለት፤ ዝርዝሩ በመሃል ከተነካ አስተርጓሚው ቆሞ ስህተቱን ይናገር፣ ስክሪፕቱም ከመጀመሪያው ይነሳ። አዲሱን ሙከራ በአሮጌው ኮድ አስኬደችው፤ ወደቀ። በአዲሱ አስኬደችው፤ አለፈ። የፓምፑንም ሙሉ ስክሪፕት በዚያው ባልታጠበ ልኬት አስኬደችው፤ ስህተቱን ተናገረ፣ ተነሳ፣ ቀጠለ።

«ይኸው ነው» አለ አለቃው ጎንበስ ብሎ እያየ። «ማስተካከያው ነገ ወደ ጣቢያው ይሄዳል። ቋንቋው አይነካም።» ከዚያ የሙከራውን የስም ቦታ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን ባዶ ተዪው።»

«ለምን?»

«ለሞተ ሰው አይጨበጨብም፣ እንግዳዋ። ነውር ነው።»

ማዶ ያሉት ሁሉ ሥራ የያዙ መሰሉ። እሷም ትክክል ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም፤ ምን ነውር እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ርቃ ስትኖር ጠፍቶባታል።

«ጥፋቱ የእሱ ነው» አለች። «የእሱን ወስደህ ለማን ልትሰጥ ነው?»

«ችኩሉ» ብላ ጻፈችና ከወንበሩ ተነስታ አጠገቡ ቆመች። ወንበሩ በዝግታ ዞረና ቆመ።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ጋሼ አላምንም ናቸው፤ ብቻቸውን፣ ደረቅ ጭብጨባ። ቀጥሎ በር አጠገብ ያለችው ጸሐፊ። አለቃው የግድግዳውን ስክሪን ቆሞ አየ፣ አየና እሱም አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉና የጋራዡን የብረት ጩኸት ዋጡት። እሷ እጇን ወንበሩ ላይ አድርጋ እስኪያበቁ ጠበቀች። ዕንባ አልመጣም።

ሁሉም ወደየሥራቸው ሲመለሱ ተቀመጠችና ሙከራውን አስኬደችው። ስክሪኑ ላይ ስሙ በአረንጓዴ ወጣ።

«ሠራ?» አሏት ጋሼ፣ በቀስታ።

«አላምንም» አለች። ደግማ አስኬደችው።