ሰባት ልጅ ያሳደጉ አያት

ልብስ ሰፊዋ በወለደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን የወሊድ ስፌቷን ለማሳየት የክሊኒክ ቀጠሮ ነበራት። «እንዲህ ያለ ስፌት እኔ ለደንበኛ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ሱቄ በድንጋይ ይደበደብ ነበር» እያለች ሻርፗን ጠመጠመች። ልጇን ጥግብ እስኪል አጠባችና ለባሏና ለባሏ አባት አስረከበች።

«ሲያዛጋ ወዲያው አስተኙት» አለች በሩ ላይ ቆማ። «እንቅልፉ ካለፈው ጉዳችሁ ፈላ!»

«ሂጂ ልጄ፣ ሐሳብ አይግባሽ» አሉ አማቷ። «ሰባት ልጅ ያሳደገ ሰው እቤት ተቀምጦ!»

አማትየው ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ዛሬም ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በመንገድ የሚያልፍ ተማሪ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል። ልጃቸው ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ክንዱ የበር መቃን ያክላል፤ የራሱን ልጅ ሲያቅፍ ግን እንቁላል የተሸከመ ይመስል ትንፋሹን ይይዛል።

እናትየው ከወጣች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕፃኑ አዛጋ። አፉ ፊቱን ሊውጠው ምንም አልቀረው።

«አዛጋ!» አለ አባት፣ ብድግ ብሎ።

«ቢያዛጋስ?» አሉ አያት። «አሁን ከተኛ ማታ ማን ሊተኛ ነው? ትንሽ እናጫውተው፤ ሲደክመው ራሱ ይተኛል።»

ሺህ ልጅ ያስተማሩ ሰው ሲናገሩ ማን ይከራከራል? ያጫውቱት ጀመር። አያት የቁልፍ ዘለላቸውን ከጆሮው ሥር አንቃጨሉ። አባት መስኮቱ ዘንድ ወስዶ መኪና አሳየው። ሕፃኑ ደግሞ አዛጋ። ፊቱን በጡጫው አሸ። ለሦስተኛ ጊዜ አዛጋ። ከዚያ ማዛጋቱን እርግፍ አድርጎ ተወና ዓይኑን አፈጠጠ።

«ይኸው!» አሉ አያት። «እንቅልፍ የሚባል በአጠገቡ አላለፈም!»

አፋቸውን ሳይገጥሙ ለቅሶው ወረደ። ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሰው ያን ሁሉ ድምፅ የት አስቀምጦት እንደነበር እግዜር ይወቀው። ዳይፐሩን አዩ፤ ደረቅ ነው። ቢሆንም ቀየሩለት፤ የፊቱን ወደ ኋላ አድርገው። ከዚያ አባትየው የዛገ ቡሎን እንደሚፈታ ሰው ግራና ቀኝ ይወዘውዘው ጀመር። የሕፃኑ ዓይን ክድን፣ ክድን ይላል። አባት «እሰይ፣ ተኛ» ሲል ብልጭ ብሎ ይከፈታልና ለቅሶው ካቆመበት ይቀጥላል። እንቅልፍ ሊሰርቀው የመጣ ሌባ ይመስል በእጁም በእግሩም ይታገለዋል።

«አምጣው ወዲህ። አያያዝ አታውቅበትም» አሉ አያት። ተቀብለው ደረታቸውን ነፉና «ጸጥታ!» አሉ፣ በዚያ የሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው።

ሕፃኑ ጸጥ አለ። ላይኛው ፎቅ ላይ ሲጮህ የዋለው ሬዲዮም አብሮ ጸጥ አለ። አያት በኩራት ወደ ልጃቸው ዞሩ። ወዲያው የሕፃኑ የታች ከንፈር ተንቀጠቀጠና እስካሁን ያለቀሰው ሁሉ መለማመጃ እንደነበር ታወቀ።

ስልክ ጠራ። ሚስት ናት።

«እንዴት ናችሁ?»

«ሰላም ነን። ተኝቷል» አለ ባል።

«ታዲያ የሚያለቅሰው ማነው?»

ሰውየው ግራ ገባው። «አባዬ ነው» አለ።

«ስማኝ» አለች ቀስ ብላ። «ርቦትም አሞትም አይደለም፤ ደክሞታል። አታጫውቱት፣ አትወዝውዙት፣ አታውሩበት። መጋረጃውን ዝጉ፣ ጠቅልሉት፣ ደረት ላይ አድርጋችሁ ዝም በሉ። ዝም! ትችላላችሁ?»

አባት ስልኩን ዘግቶ አባቱን ቀና ብሎ አያቸው። «አባዬ፣ እኛን እንዴት ነበር የምታስተኛን?»

አያት የሕፃኑን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረጉ ግድግዳውን አዩ።

«ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ አላልክም?»

«አሳድጌያለሁ» አሉ አያት። ድምፃቸው የዳይሬክተር መሆኑ ቀርቶ ነበር። «የማስተኛው ግን እናትህ ነበረች። ማልቀስ ስትጀምሩ እኔ ፈተና አርማለሁ ብዬ ወደ ቢሮ እሄድ ነበር። ስመለስ ሁላችሁም ተኝታችሁ አገኛችኋለሁ። እኔማ… የምትተኙት በራሳችሁ ይመስለኝ ነበር።»

ልጃቸው ሊስቅ አስቦ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። «እሺ፣ ና፣ አብረን እንማር» አለ።

መኝታ ቤት ገብተው መጋረጃውን ዘጉ። አባት ሕፃኑን በስስ ብርድ ልብስ ጠቀለለው። አያት ትራስ ተደግፈው ተቀመጡና በደረታቸው ተቀበሉት። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ሕፃኑ ጮኸ፤ ዝም አሉት። ደግሞ ጮኸ፤ አያት በዝግታ መተንፈሳቸውን ቀጠሉ። ለቅሶው ወደ ንጭንጭ ወረደ፣ ንጭንጩ ወደ ማጉረምረም። ሁለት ጊዜ ተንሰቀሰቀ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ጣቶቹ ተፈቱ።

አያት ለአሥር ደቂቃ እንደ ሐውልት ሆኑ። ከዚያ በዓይናቸው ልጃቸውን ጠሩት። አባት በርከክ ብሎ ጆሮውን ሰጣቸው።

«አፍንጫዬን እከክልኝ» አሉ በሹክሹክታ።

አከከላቸው።

እናትየው ስትመለስ ቤቱ እረጭ ብሏል። ደንግጣ የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «አባባ፣ ይስጡኝ፣ አልጋው ላይ ላስተኛው፤ ደከምዎት እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«አይሆንም» አሉ አማቷ። «እግሬ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ እግር የለኝም ብዬ ትቼዋለሁ። ተዪኝ ልጄ፣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከት ብላ እንዳትስቅ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች። ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ጋደም አለች። «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብላ ሳትጨርስ እሷም አንቀላፋች። አባት የአልጋ ልብሱን ጎተት አድርጎ አለበሳት፤ የተገለበጠውን ዳይፐር ነገር ስላልጠየቀችው እግዜርን በልቡ አመሰገነና ጫማውን በእጁ ይዞ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ።