መኪናዋ ዝም ያለች ዕለት

መስታወት ቆራጩ መኪናውን እንደ ክፉ ዘመድ ነበር የሚያያት፤ አይተዋት ነገር የሱ ናት፣ አይወዳት ነገር ታቃጥለዋለች። ዳገት ስታይ ቀጥ ትላለች። ዝናብ ሲያካፋ ታነጥሳለች። ደህና በሆነችበት ቀን እንኳ ከሆዷ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ አይለያትም፤ ከኋላ የጫነው መስታወት አብሯት ይንቀጠቀጣል፣ መስታወቱ ላይ ያረፈው ሰማይም ከነደመናው ይርገፈገፋል። እሱን ግን የሚያስጨንቀው መስታወቱ አልነበረም። ጭንቀቱ ሳይመሽ ቤት መድረስ ነው፤ እናቱ ፀሐይ ስትገባ ይተኛሉ።

እናቱ የሰው ፊት ከጠፋባቸው ቆይቷል። ቀን ከሌት የምታጥባቸውንና የምታበላቸውን ሴት ልጃቸውን አንዳንዴ ጎረቤት፣ አንዳንዴ ነርስ ያደርጓታል። ወንድ ልጃቸውን ግን አይረሱትም። አመሻሽ ላይ በራፉ ላይ ተቀምጠው፣ እሱ ገና ሳይታይ «ሆዴ መጣ» ይላሉ። ከመኪናው ወርዶ ሲስማቸው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሆዴ፣ ደከመህ?» ይሉታል። በቃ፣ ይቺው ናት። ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ለዚች ቃል ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ አስቀርታው በእግሩ እያለከለከ ሲደርስ ግን ወይ ተኝተዋል፣ ወይ እንደ እንግዳ ያዩታል። ሲመሽባት ነው የምትረሳኝ ይል ነበር። ሰው መቼም የሚቀለውን ነው የሚያምነው።

ስለዚህ መኪናዋን የሸጠለት ድርጅት ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ ቤት መግባት ሕልም ውስጥ እንደ መግባት ነው። ወለሉ ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፤ ዓሣዎች በገንዳቸው ውስጥ ዝም ብለው ይዞራሉ፤ ሶፋው ሰው ይውጣል። ዓሣዎቹን እያየ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ ይላል፣ ሲነቃ ሂሳብ ያቀርቡለታል። መጀመሪያ ካንዴላ ቀየሩ፣ ቀጥሎ ማርሚታ፣ ቀጥሎ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ዕቃ። ዋጋው በየጊዜው ጣራ ይነካል፣ መኪናዋ ደግሞ እዚያው ዳገት ላይ ቀጥ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ሲጠይቃቸው ከረቫት ያሰረው ሰውዬ ኮምፒውተሩ ያለው ይህንኑ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ኮምፒውተርንም ጨምሩበት። እኔ ብሆን ገንዳውን ከነዓሣው ነበር የምደፋላቸው። እሱ ግን ከሰው ጋር አፍ የማይካፈት፣ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ የሚሄድ ዓይነት ነው።

በመጨረሻ ባለከረቫቱ ሞተሩ እንዳለ ይውጣና ሌላ ይግባ አለ። ይኼን ጊዜ የመስታወት ቆራጩም ደም ፈላ፤ ሊሄድ ተነሥቶ በሩ ድረስ ደረሰ። ከበሩ ውጭ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። እናቱ ትዝ አሉትና ተመለሰ። የመቁረጫ ጠረጴዛውን ሸጦ ከፈለ። እህቱ አበድክ ወይ ብትለው፣ ከእንግዲህ አንድም ቀን አልዘገይባትም አላት።

መኪናዋ ተሠርታ ስትወጣ ዝም አለች። ፈጽማ ዝም። ያንን ክፉ ዳገት በውሃ ላይ እንደሚሄድ ቅጠል ወጣችው። ከኋላ ያለው መስታወት ንቅንቅ አላለም፤ ሰማዩ በላዩ ላይ ተኝቶ አብሮት ይሄዳል፣ የዛፎቹ ጥላ በደመናው መሀል እየሾለከ ያልፋል። ስንት ጊዜ ደረቱ ላይ የተኛው ንዴት ሟሟለት። መንገዱ ባያልቅ አይጠላም ነበር፣ ግን እናቱ አሉ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ደረሰ።

እናቱ በራፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ እህቱ አጠገባቸው ቆማ ሹራባቸውን ታስተካክልላቸዋለች። ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሳማቸው። ፊታቸውን ትንሽ ሸሸት አደረጉ፣ በጨዋነት ፈገግ አሉለት፣ ዓይናቸውን ግን ከመንገዱ አልነቀሉም። ከዚያ ልጃቸውን እየጠበቁ መሆናቸውን ነገሩት። መኪናው ሲንኳኳ ገና ከታች ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰሙታል፤ ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዘግይቷል።

ያኔ ገባው። ለካ ፊቱንም ከረሱት ቆይተዋል። የሚያውቁት ኳኳታውን ነበር፤ ኳኳታው መጥቶ ሲቆም የወረደውን ሰው ልጄ ብለው ይቀበሉት ነበር። እሱ ደግሞ ጠረጴዛውን ሸጦ አጠፋው። ሄዶ አሮጌውን ሞተር መልሱልኝ ሊል አሰበ፤ ባለከረቫቱ ሲስቅበት ታየው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አላቸው።

«እሺ የኔ ልጅ» አሉት፣ የማንንም ልጅ እንደሚሉት። «ቆመህ ከምትደክም ተቀመጥ። ልጄ ደግ ነው፤ ሲመጣ የምትሄድበት ያደርስሃል።»

እህቱ ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባችና ወንበር ይዛለት ወጣች። ከእናቱ ጎን ተቀመጠና እሱም መንገዱን ያይ ጀመር።