ከዳክዬዎቹ ስር

ጥይት የሚሏት ለምላሷ ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ታላቅ ወንድሟ ፎቶ አንሺ ነበር። አምና በክረምት የዱር ዳክዬ ላነሳ ብሎ በታንኳ ሐይቁ ላይ ወጣ። ታንኳዋ ባዶዋን ተገኘች፤ እሱን ግን ውሃው እስከ ዛሬ አልሰጠም። የሰው ሰርግ ሲያነሳ ኖሮ፣ ካደገ ወዲህ የራሱ አንድ ፎቶ እንኳ ቤት ውስጥ የለም። መታወቂያውም ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ውሃ ገባ። እናቱ አሁን አሁን «መልኩ እየጠፋብኝ ነው» ትላለች፤ ይሄን ስትል ጥይትም ቀልዷን ትውጣለች።

ዘንድሮ ዳክዬዎቹ ሲመጡ ጥይት ከወንድሟ ሻንጣ አሮጌውን ካሜራና ጭራው፣ የመጀመሪያው ጫፉ፣ ከማቀፊያው ብቅ ያለ ፊልም አወጣች። ጭራው ከታየ አዲስ ነው፤ የተነሳበትማ ተመልሶ ሲጠቀለል ጭራውን ይውጣል። እሷ ያላወቀችው ምን አለ!

በማለዳ ለእናቷ ሳትነግር ሄደች። ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቷል። ዳክዬዎቹ አልሸሹም፤ መሃሉን ባዶ ትተው እየከበቡ ይዋኛሉ። «ምን ጠፋባችሁ?» አለቻቸው። ድምጿ ለራሷም ደስ አላላትም። ጣቷ እየደነዘዘ አነሳች፣ አነሳች፣ ፊልሙ እስኪያልቅ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟን ሥራ ያስተማረው ባለፎቶ ቤት ፊልሙን አጥቦ ፎቶ ወደሚያትምበት ጨለማ ክፍል ጠራት።

«ዳክዬ ነው ያልሽኝ?»

«ታዲያ ዶሮ ይመስላል ጋሼ?»

«ነይ እዪው።»

መድኃኒቱ ውስጥ ወረቀቱ ላይ ፊት ይወጣል። ወንድሟ። ዳክዬዎች በግንባሩ ላይ ይዋኛሉ፤ ውሃው እስከ አንገቱ ነው።

«ጭራውን ሳያስገባ መተው ክፉ አመሉ ነበር» አለ ሰውዬው። «ራሱን ያነሳበት ፊልም ላይ ነው አንቺ ደግመሽ ያነሳሽበት። እሱ ያለበት ይህች ብቻ ናት።»

«ዳክዬዎቹ አይፋቁም?»

«ፊቱም አብሮ ይፋቃል።»

ቤት ስትደርስ እናቷን ልብስ ስታጥፍ አገኘቻት። ፎቶውን ስትሰጣት እናትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በጠርዙ ያዘችው።

«እሱ ነው» አለች። «መቼ አነሳሽው?»

«ዳክዬዎቹን ዛሬ ጠዋት፤ እሱን ግን...»

«ዛሬ ጠዋት።»

ጥይት የጭራውን ነገር አስረዳች፤ አንዱ ባንዱ ላይ እንዴት እንደተደረበ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እናትየዋ ሹራቧን ደረበች።

«እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«አየሁ ልጄ። ውሃው እስከ አንገቱ ደርሷል።» ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። «አንስተሽው ስታበቂ ምን ብለሽ እዚያ ትተሽው መጣሽ?»

ጥይት አፏን ከፈተች። እናትየዋ ፎቶውን ደረቷ ውስጥ ከታ የሐይቁን መንገድ ጀምራለች።