ለሽያጭ የወጣው የሙሽሪት ሽርዳክ

ካሊፓ ሁለት ድረ ገጾች ነበሯት። አንዳቸውም ገብተዋት አያውቁም፤ ሁለት መሆናቸውን ግን ታውቃለች። በአንዱ ላይ በኪርጊስታን፣ አት-ባሺ ከሠራተኛ ሴቶቿ ጋር የምትሠራቸው ሽርዳኮች፣ ማለትም የሱፍ ምንጣፎቿ፣ ይሸጣሉ። በሌላው ላይ ልጇ ሳይካል የእያንዳንዱን ሽርዳክ ታሪክ ትጽፋለች፤ ሱፉ ከማን በግ እንደተሸለተ፣ ማን በእግሩ ረግጦ እንዳጠበቀው፣ የትኛዋ ሴት ስትሰፋው ከባሏ ጋር ተኳርፋ እንደነበር ሳይቀር። ችግሩ ታሪኩን አንብቦ ልቡ የተነካ ሰው ሱቁን ሲፈልግ መንገድ ላይ መቅረቱ ነበር። ስለዚህ ቲሌክ የሚባል የዋና ከተማዋ የቢሽኬክ ባለሙያ ቀጠሩና ሱቁንና ጽሑፉን አንድ ላይ አዋሃደላቸው።

ከዚያ ወዲህ ካሊፓ እንቅልፍ አጣች። ታሪኩ ነው ሱቁ ውስጥ የገባው ወይስ ሱቁ ነው ታሪኩ ውስጥ የገባው? ያልጠየቀችው ሰው የለም። ዳቦ ሻጩንም ጠየቀችው። “ኤጄ” አላት እንደ ታላቅ እህት፣ “እኔ ዳቦ ነው የምሸጠው።” ይኸው አንድ ወር ሙሉ ከሌላ ቤት ዳቦ ትገዛለች።

ሐሙስ ጠዋት ወተት የገባበት ሻይዋን እየጠጣች ስልኳ ጮኸ። ኦስሎ የምትኖር አንዲት ሴት ሽርዳክ አዛለች። ካሊፓ ደስ ብሏት ፎቶውን ከፈተችው፤ ወዲያው ደስታዋ ጠፋ። ጥቁር መደብ፣ ቀይ የበግ ቀንድ። የሳይካል ነው! ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእሷ ከሙሽሪቷ ጋር ወደ ታላስ፣ ወደ አማቶቿ ቤት የሚሄደው ሽርዳክ። እናቷ የሠራችውን ሽርዳክ ሳትይዝ አማቷ ቤት የገባች ሙሽራ ወሬዋ በየሻዩ ላይ ይነሳል፤ የእናትየውማ አይወራም፣ ይዘፈናል።

እየሮጠች ጓዳ ገባች። ሽርዳኩ ከሳጥኑ በላይ ከተደረደሩት ብርድ ልብሶች ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። በእጇ ዳሰሰችው። እጇ አለ ይላል፣ ስልኳ ተሽጧል ይላል። የቱን ትመን? ቲሌክ ጋ ደወለች።

“አንተ ቲሌክ! የልጄን ሽርዳክ ሸጥከው!”

“እኔ? ኤጄ፣ ደህና አደሩ?”

“ምን ደህና አድራለሁ! ሽርዳክ መንታ ሆኖ ነው የሚወለደው ብዬ አልነገርኩህም?”

ነግራዋለች፤ አምስት ጊዜ። ቀይና ጥቁር ሱፍ ተደራርቦ በአንድ ቢላ ይቆረጣል። ቀዩ ቀንድ ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩ ቀንድ ቀዩ ላይ ይሰፋል፤ አንዲት ቁራጭ አትጣልም። ሁልጊዜ ሁለት ይወጣል፣ ሴቶቹ ግን እንደ አንድ ሥራ ነው የሚቆጥሩት። ካሊፓም አንድ ተብሎ ካልተመዘገበ ብላ ድርቅ ብላ ነበር።

“ያኛው መንታ መስከረም ላይ ተሸጠ” አለች። “የዚህኛው ለሽያጭ ሳይወጣ ታሪኩ ብቻ ነበር የተጻፈው። ስታዋህዳቸው ጊዜ ኮምፒውተርህ አንድ ናቸው ብሎ ሸጠብኝ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ እሺ፣ ግን ያንተ ይበልጣል!”

“ቆዩኝማ፣ ልየው።” ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ይሰማታል። “አይደለም፣ ኤጄ። ታሪክ ከሱቅ ጋር ስለተዋሃደ ብቻ ለሽያጭ አይወጣም። ሰው ዋጋ ሊጽፍበት ይገባል። እዚህ ደግሞ ተጽፏል። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከእናንተው ቤት።”

“ማክሰኞ ከሰዓት እኔ ሱፍ እየረገጥኩ ነበር!”

“የይለፍ ቃሉን ሌላ ማን ያውቃል?”

“ሳይካል ናታ። እሷ ደግሞ የገዛ ዕቃዋን ምን ቆርጧት ትሸጣለች? ምን ነካህ አንተ?”

ስልኩን ማን ቀድሞ እንደዘጋው አታውቅም።

ሳይካል የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክካ ሱፍ ላይ በጠመኔ ቀንድ ትሥላለች። ካሊፓ ስልኩን ዘረጋችላት። “ተሳስተሽ ዋጋ ጽፈሽበታል። ይሄ ማዋሃድ የሚሉት ጣጣ አንቺንም አደናገረሽ አይደል?”

“አልተደናገርኩም፣ አፓ። አውቄ ነው” አለቻት እናቷን።

“ምኑን?”

“ታላስ መሄድ አልፈልግም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን አልፈልግም።”

ካሊፓ የምትቀመጥበት አጣች። “ታዲያ አትነግሪኝም?”

“ነገርኩሽ። ‘ቆይ፣ ቲሌክ ስልክ ላይ ነው’ አልሽኝ። ሌላ ቀን ነገርኩሽ፤ ‘ታሪኩ ነው ሱቁ ውስጥ የገባው?’ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከዚያ ጻፍኩት። የሽርዳኩ ታሪክ መጨረሻ ላይ አለ። ኦስሎ ያለችው ሴትዮ አንብባዋለች፤ ከትዕዛዙ ጋር ምን እንደላከች አላየሽም? ‘ልጅቷ ሐሳቧን እስክትቀይር በአደራ አስቀምጥላታለሁ’ ብላለች።” የሳይካል ዓይን እንባ ሞላ። “አንቺ አገር ምድሩን ጠየቅሽ። አንዴ ግን ከፍተሽ አላነበብሽውም።”

ካሊፓ መነጽሯን አደረገች። ሱፉ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ደግማ ከላይ ጀመረች። ውስጧ በኀፍረት ተቃጠለ።

“ለሴትዮዋ ይቅርታ ጻፊላት” አለች በመጨረሻ። “ሽርዳኩ አይሸጥም።”

ሳይካል ፊቷ ተለወጠ።

“አንቺም አትሄጂም። የታላሷን ሴትዮ፣ የሰውየውን እናት ቁጥር አውጪልኝ።”

“አፓ... ምን ልትያቸው ነው?”

“እኔ እንጃ! ግራ ገብቶኛል” አለችና ደወለች።