ኦቦ ኦዳን ያሳመነው ታላቅ ሰው

ቡራዩ ውስጥ ሚስት ለማግኘት ሥራ፣ ጤናና ደህና ሽማግሌ ይበቃል። የኦቦ ኦዳን ልጅ ፌኔትን ለማግባት ግን የታሪክ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። "ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አብልጠህ የምታደንቀው ማንን ነው? ለምን?" ጥያቄው ይኸው ነው። ሽማግሌ ልኮ መገላገል የለም፤ ተፈታኙ ራሱ ቀርቦ ይመልሳል። ድጋሚ ፈተና አይሰጥም።

ኦቦ ኦዳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። ዋና ሥራቸው ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ማንበርከክ ነበር። የታሪክ መምህሩ በቀረ ቁጥር ግን ክፍሉ እንዳይረብሽ እሳቸው ይገቡ ነበር፤ መምህሩ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ መቅረት የሚወድ ሰው ነበር። ኦቦ ኦዳ በዚህ መንገድ የታሪክ ሊቅ ሆኑ። "አላውቅም" የምትለውን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ተረኛው ተፈታኝ አዶናይ ነው። ከደቡብ መጥቶ ሰበታ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ፌኔትን ያገኛትም እዚያው ነው። ከዓይናፋርነቱ የተነሣ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሮ ሠፈሩን አልፎ የሚወርድ ልጅ ነው። ፌኔት የምትወደውም ለዚሁ ነው፤ የምትፈራለትም ለዚሁ ነው።

"ንጉሥ እንዳትጠራ፤ የመጀመሪያው በንጉሥ ነው የወደቀው" አለችው ስታስጠናው። "ወታደርም አትጥራ።"

"ማንዴላስ?"

"እሱን ሁሉም ይለዋል! አባዬ 'ከሬዲዮ ሰምተህ ነው' ብሎ ያባርርሃል።"

"የሱሉልታው ሯጭስ በምን ወደቀ?"

"ራሱን ጠርቶ ነዋ! 'የተወለድኩት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው' ብሎ።"

"ታዲያ ማንን ልበል?"

"እኔ ባውቅ ኖሮ እስካሁን ሳላገባ እቀመጥ ነበር?"

አዶናይ በመጨረሻ አንድ መድኃኒት ያገኘ የውጭ አገር ሐኪም መረጠ። ስሙ ረጅም ነው። ከሰበታ እስከ ቡራዩ ሲደጋግመው መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከአቶ አጵሎስ ጋር ግቢው ገቡ። አቶ አጵሎስ "አካም ጅርቱ!" ብለው ሰላምታ ሰጡ፤ የሚያውቁት ኦሮምኛ እዚያው ላይ አለቀ። ኦቦ ኦዳ ጎረቤታቸውን ኦቦ ቦጂያን ለዳኝነት ከጎናቸው አስቀምጠዋል።

"እህ፣ ልጄ" አሉ ኦቦ ኦዳ። "ማንን ታደንቃለህ?"

ሐኪሙ ከነረጅም ስሙ ብን ብሎ ጠፋ። አዶናይ የሰው ዓይን ሽሽት ወደ ግቢው ጥግ ተመለከተ። ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጥጉ ላይ ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

"ጀሪ…" አለ ሳያስበው። ሊውጠው ሞከረ፤ ግማሹ ወጥቷል። "…ካን።"

አቶ አጵሎስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጸለያቸው ነበር።

"ጀሪ ካን" አሉ ኦቦ ኦዳ ቀስ ብለው። "ሕንዳዊው?"

አዶናይ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"ለምን?"

"ውኃ… ለደሃው ቤት ድረስ ውኃ ስላደረሰ።"

ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

"እኔን የገረመኝ" አሉ ኦቦ ኦዳ ጭናቸውን መታ አድርገው፣ "ዛሬ እሱን የሚያስታውስ ወጣት መኖሩ! ቦጂያ፣ ጀሪ ካንን ታውቀዋለህ አይደል?"

"እንዴት አላውቀውም!"

"እንግሊዞች አስረውት ነበር።"

"ያውም ስንት ጊዜ" አሉ ኦቦ ቦጂያ።

"በመጨረሻ ደህይቶ ነው የሞተው መሰለኝ" አሉ አቶ አጵሎስ ዓይናቸውን ገልጠው። ጸሎታቸው ተሰምቷል።

"ባዶ እጁን!" አሉ ኦቦ ኦዳ። ፌኔት በሩ ጀርባ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች።

ኦቦ ኦዳ ተነሥተው ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። ልክ ያኔ ባለቤታቸው አዴ ወርቅቱ ከጓሮ ጮኹ።

"ውኃ መጣች! ኧረ ውኃ መጣች! ጀሪካን አቀብሉኝ! ጀሪካን!"

የምርቃቱ እጅ አየር ላይ ቀረ። ኦቦ ኦዳ ወደ ጥጉ ዞሩ። ቢጫዎቹን ጀሪካኖች አዩ። ከዚያ አዶናይን አዩ። አዶናይ ወደ ሰበታ የሚመልሰው ታክሲ ታየው። ኦቦ ቦጂያም ጥጉን አዩና ቶሎ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። አቶ አጵሎስ ጫማቸውን ይመረምራሉ። ማን ምን ይበል? አንዱ ሰውዬውን አስሮታል፣ ሌላው ገድሎታል።

ኦቦ ኦዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይኸው" አሉ ወደ ጥጉ እየጠቆሙ። "ለመታሰቢያው ነው ስሙን ያወጡለት።"

"ሲያንሰው ነው" አሉ ኦቦ ቦጂያ።

"አንተስ ምን ተገትረህ ታያለህ?" አሉ ኦቦ ኦዳ ወደ አዶናይ ዞረው። "አድናቂ ነኝ አላልክም? ውኃዋ ሳትሄድ ያዝ እንጂ፣ አማቼ!"

አዶናይ "አማቼ" የምትለዋን ቃል ሁለተኛ ጊዜ ለመስማት አልጠበቀም። በግራና በቀኝ እጁ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ሮጠ።